ቀይ ሥጋ፣ ቋንጣና ካንሰር፦ ከጎጃም ማዕድ አንጻር

ጎጃም ውስጥ ሥጋ የበዓል ነገር ነው። ፋሲካ፣ ገና፣ መስቀል፣ ሰርግ፣ ተዝካር ሲሆን በሬ ይጣላል፣ በግ ይታረዳል። ከዚያ ውጭ ባለው ቀን ገበሬው ቤት የሚበላው ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመንና ድንች ነው። ስለዚህ «ቀይ ሥጋ ካንሰር ያመጣል» የሚባለው ነገር ሲሰማ ሰው ግራ ቢጋባ አይገርምም። «አባቶቻችን ሲበሉት ኖረው የለ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም።

ነገሩ በዓለም ዙሪያ መነጋገሪያ የሆነው ጥቅምት 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ስር ያለውና መቀመጫው ፈረንሳይ ሊዮን የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያን ዕለት አንድ ውሳኔ ይፋ አደረገ። ከ10 አገሮች የመጡ 22 ባለሙያዎች ተሰብስበው ከ800 በላይ ጥናቶችን መርምረው ነበር። የተቀነባበረ ሥጋን በምድብ 1 አስቀመጡት፤ ካንሰር ያመጣል ማለት ነው። ቀይ ሥጋን ደግሞ በምድብ 2ሀ አስቀመጡት፤ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም፣ ማስረጃው ግን ገና የተሟላ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም በዋናነት የተያያዙት ከትልቁ አንጀትና ከፊንጢጣ ካንሰር ጋር ነው።

ቀይ ሥጋ የሚባለው የበሬ፣ የላም፣ የጥጃ፣ የበግ፣ የፍየል፣ የአሳማና የፈረስ ሥጋ ነው። ፈረሱን አዊ ላይ ብትጠቅሱት ማን ይሰማችኋል! እዚያ ፈረስ የሚጌጥና የሚጋለብ እንጂ የሚበላ አይደለም። ዶሮና ዓሣ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ የፋሲካ ዶሮ ወጥም ሆነ ከጣና የወጣ ቆሮሶና አምባዛ በዚህ ውሳኔ አልተነኩም።

የተቀነባበረ ሥጋ የሚባለው እንዲቆይ ወይም ጣዕሙ እንዲለወጥ በጨው የታሸ፣ በጭስ የደረቀ፣ የተብላላ ወይም መጠበቂያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ሞርታዴላ፣ ሳላሚ፣ ሶሴጅ፣ የቆርቆሮ ሥጋ ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ እፎይ ይላል። «የፈረንጅ ምግብ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይላል። ነገር ግን ኤጀንሲው በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል የደቡብ አፍሪካውያን የደረቀ ሥጋ አለበት። እሱ ከእኛ ቋንጣ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው።

ቋንጣ እንዴት እንደሚሰራ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። እናቴ የበዓሉ ግርግር ጋብ ሲል ማጀት ትቀመጥና አንድ ሙዳ ሥጋ ታነሳለች። ቢላዋውን ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ ሳትበጥስ እየመለሰች ስትዘለዝለው፣ ያ ጭብጥ የማይሞላ ሙዳ ክንድ ሙሉ ይረዝማል። ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ትለውሰውና ትንሽ ታሳድረዋለች። በማግስቱ ከምድጃው በላይ በተወጠረው ገመድ ላይ እየዘረጋች ትሰቅለዋለች። ከስር የባህር ዛፍ እንጨትና ኩበት ይጨሳል። ጭሱ ዝንብም ያባርራል፣ ሥጋውንም ያደርቃል። በሳምንቱ ስትነኩት እንጨት ነው። ጨው አለው፣ ጭስ አለው፣ እንዲቆይም ተብሎ ነው የተሰራው። በትርጉሙ ስንሄድ የተቀነባበረ ሥጋ ነው።

ይህን ስል ቋንጣንና የፋብሪካ ሶሴጅን እኩል ማድረጌ አይደለም። የቤት ቋንጣ ናይትራይት የለውም። ናይትራይት ፋብሪካዎች ሥጋው እንዳይበላሽና ሮዝ መልኩን እንዳያጣ የሚጨምሩት ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ ከፕሮቲን ስብርባሪ ጋር ተዋህዶ የአንጀትን ህዋስ የሚጎዱ ውህዶች ይፈጥራል። የቋንጣ ችግር ጨውና ጭሱ ነው። በተለይ እንጨት ሲጨስ የሚወጡ አንዳንድ ኬሚካሎች ሥጋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ካንሰር አምጪ የሆኑም አሉባቸው። በፀሐይና በነፋስ የደረቀ ቋንጣ ይህን ይቀንሳል። ደግሞም ያ ጭስ ከቋንጣው ይልቅ ከስሩ የምትቀመጠውን ሴት ይጎዳል። ያው ኤጀንሲ ቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨት ጭስን ራሱ በምድብ 2ሀ፣ ማለትም ከቀይ ሥጋ ጎን፣ አስቀምጦታል።

ቀይ ሥጋ ራሱስ ምን አድርጎ ነው? መልኩን ቀይ ያደረገው ብረት ያለበት ሄም የተባለ ነገር ነው። ሄም ለደም ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲበዛና ትልቁ አንጀት ሲደርስ የአንጀቱን ሽፋን ይቆጣል፤ ከላይ ያልናቸው ጎጂ ውህዶችም እንዲፈጠሩ ያግዛል። ሌላው አበሳሰሉ ነው። ሥጋ በኃይለኛ እሳት ሲጠበስና ሲያር፣ ስቡም ፍሙ ላይ እየተንጠባጠበ ሲጨስ፣ ሌሎች ካንሰር አምጪ ኬሚካሎች ይፈጠራሉ። ቅቅል፣ አልጫና ቀይ ወጥ ውሃ ባለበት ስለሚበስሉ ከዚህ የተሻሉ ናቸው። «ጠቆር አድርገህ ጥበስልኝ» የሚል ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ጥሬ ሥጋ ወዳጁ «እንግዲያው ጥሬውን ልብላዋ!» ሊል ይችላል። አልታረረ፣ አልጨሰ። ግን ሄሙ እንዳለ አለ። ኤጀንሲውም ጥሬ ሥጋ ከካንሰር አንጻር ይሻላል ለማለት የሚያበቃ ጥናት አላገኘም። በሌላ በኩል የኮሶ ትል ያለ ጥርጥር በጥሬ ሥጋ ይመጣል። አረቄ ይገድለዋል የሚባለውም አያድንም። አልኮል እንዲያውም በምድብ 1 የተመደበ ካንሰር አምጪ ነው፤ ከሚያመጣቸው ካንሰሮች አንዱም የትልቁ አንጀት ነው። ቁርጥ በአረቄ ሲወራረድ ሁለቱ አንድ አንጀት ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ምድብ 1 ማለት ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። ሲጋራም ምድብ 1 ውስጥ ስላለ «ሞርታዴላ እንደ ሲጋራ ይገድላል» የሚሉ አሉ። ትክክል አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ ነገሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይደለም። በዓለም ላይ በዓመት በትምባሆ የተነሳ በካንሰር የሚሞተው ሰው 1 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ሲገመት፣ የተቀነባበረ ሥጋ ከማብዛት ጋር የሚያያዘው ሞት 34,000 ገደማ ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ቁጥሩም እንደዚሁ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል ተብሏል። ለቀይ ሥጋ ደግሞ፣ መንስኤነቱ ከተረጋገጠ፣ በየቀኑ 100 ግራም ለሚበላ 17 በመቶ ነው። 18 በመቶ ማለት ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። ለማስላት እንዲመች በዕድሜ ዘመናቸው ከ100 ሰው 5ቱ ይታመማሉ እንበል። ሁሉም በየቀኑ 50 ግራም ሞርታዴላ ቢበሉ 5ቱ 6 ገደማ ይሆናሉ። ለአንድ ሰው ጭማሪው ትንሽ ነው። ለሚሊዮኖች ግን ትንሽ አይደለም።

«በየቀኑ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። የጎጃም ገበሬ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ ይቀጥላል። ሲደመር ለአብዛኛው ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ፣ ሁሉንም ለሚጾም እስከ 250 ቀን ሥጋ የለም። በቀረውም ቀን ሥጋ እንደልብ አይገኝም።

ቅርጫውን እናስላው። አንድ በሬ ለ10 አባወራ ተቃርጦ፣ መደብ መደቡ ተደልድሎ፣ ዕጣ ወጥቶ ለያንዳንዱ ቤት 12 ኪሎ ደረሰ እንበል። ቤተሰቡ 6 ሰው ከሆነ ለአንዱ 2 ኪሎ ነው። በዓመት 4 ጊዜ ቅርጫ ቢገባ 8 ኪሎ ይሆናል፤ ያውም ከነአጥንቱ። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 22 ግራም ገደማ ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ቀይ ሥጋ ለሚወዱ የሚመክረው የበሰለው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም እንዳያልፍ ነው። የገጠሩ ሰው ከዚያ ጣሪያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው።

ከሥጋው ጎን ያለውም ምግብ ይረዳል። ሙሉ እህልና አሰር (ፋይበር) ያለው ምግብ የትልቁን አንጀት ካንሰር አደጋ እንደሚቀንስ ጥሩ ማስረጃ አለ። አሰር ምግቡ አንጀት ውስጥ እንዳይከርም ያፋጥነዋል፤ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ይመግባል። የቢቸና ጤፍ፣ የአቸፈርና የሜጫ ዳጉሳ፣ የጮቄ ገብስ፣ ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽምብራው ሁሉ አሰር ያላቸው ናቸው። ጤፍ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ ሙሉ እህል ነው። ጾመኛው ፋሲካን የሚቀበልባት ተልባም ከዚሁ ወገን ናት። እኔ በዚህ ማዕድ እኮራለሁ። ድህነት ያመጣው ብቻ ተደርጎ ሲታይም ያሳዝነኛል።

ታዲያ ለገጠሯ እናት «ሥጋ ቀንሺ» ብሎ መስበክ ስህተት ነው፤ ጎጂም ነው። በወለደች ማግስት ደሟ ያነሰ ሴት፣ ዓመት ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰ የ2 ዓመት ሕፃን የሚያስፈልጋቸው ያው ሄም ያለው ብረት ነው። ዚንክና ቫይታሚን ቢ12ም ሥጋ ውስጥ አለ። ለእነሱ ከቅርጫው ጉበትና ቀይ ሥጋ ቢደርሳቸው መድኃኒት ነው። የካንሰሩ ምክር የተጻፈው አብዝቶ ለሚበላ ሰው ነው።

አብዝቶ የሚበላ ሰው ደግሞ ከተማ ውስጥ አለ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ሥጋ ቤቱና ጥብስ ቤቱ ጎን ለጎን ነው። ሥጋው ከበሩ ተሰቅሎ፣ ሻኛው ተመርጦ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ጢስ ጢስ እያለ ይመጣል። ሁለት ጓደኛሞች ግማሽ ኪሎ ጥብስ ተካፍለው በሉ እንበል። ይህን በሳምንት 4 ጊዜ ቢደግሙት ለያንዳንዱ 1 ኪሎ ጥሬ ሥጋ ነው። ሲበስል 700 ግራም ገደማ ይሆናል። ጣሪያውን አለፉት። በርገርና ሞርታዴላ ሳንድዊች ሲጨመርማ አይወራም። ጾም የማይጾም፣ እንጀራ ትቶ ዳቦ የሚበላ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ወጣት የአያቱን ማዕድ ትቶ ሌላ ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ውፍረትና እንቅስቃሴ ማነስም ለዚህ ካንሰር አጋላጭ ናቸው።

በሽታው ራሱ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 1.9 ሚሊዮን ሰው በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ካንሰር እንደተያዘ፣ ከ900,000 በላይ እንደሞተ ተገምቷል። በአዲስ አበባው የካንሰር ምዝገባም በወንዶች ላይ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ጥሩው ነገር ቀስ ብሎ የሚመጣ መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አንጀት ግድግዳ ላይ በምትበቅል ፖሊፕ የምትባል ትንሽ እብጠት ነው። ወደ ካንሰር እስክትለወጥ ዓመታት ይፈጅባታል። በዚያ ጊዜ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከታየች እዚያው ተቆርጣ ትወጣለች።

እኛ ጋ ጊዜው የሚባክነው በአንድ ቃል ነው፦ ኪንታሮት። ሰገራ ላይ ደም ከታየ ሁሉም «ኪንታሮት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ደብረ ማርቆስ የማውቃቸው አንድ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ ደም እያዩ ለማንም አልተናገሩም። ነውር ነው ብለው ነው። የሚቀባ ነገር ከመድኃኒት አዋቂ ያስመጡ ነበር። ልጃቸው ያወቀችው ቀበቷቸው ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ በሚስማር ሲበሱ አይታ ነው። «ምነው አባዬ?» ስትላቸው ሁሉንም ነገሯት። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እብጠቱ አንጀታቸውን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ደም መታየቱ፣ ክብደት መቀነሱ፣ የሆድ ልማድ መለወጡ፣ ማለትም ለሳምንታት መድረቅ ወይም ተቅማጥ መፈራረቁ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ፣ ሜዳ ወጥቶ ተመልሶ እንኳ ያልጨረሱ መምሰሉ ምልክቶቹ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው 45 ያለፈ ወይም በቤተሰቡ ይህ በሽታ የነበረበት፣ መመርመር አለበት። ሐኪሙ ፊት ደሙ መቼ እንደጀመረ፣ ደማቅ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር፣ ከሰገራው ጋር ተለውሷል ወይስ ከላይ ነው የሚለውን ቢናገር ምርመራው ይቀላል። ኪንታሮት ከሆነም ኪንታሮት መሆኑ በዓይን ታይቶ ይረጋገጥለታል።