በቲኪንተር ዳታን ከመስኮት ወደ መስኮት ማሻገር

ቲኪንተር ከፓይዘን የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ ነው። የመጀመሪያውን መስኮት ማንም ይከፍታል። ጣጣው የሚጀምረው ሁለተኛው መስኮት ሲመጣ ነው። እዚያ የተጻፈው ስም እዚህ እንዴት ይታያል?

መልሱ ያለው ከታሪኩ ውስጥ ነው። የቲኪንተር መሠረት የሆነውን ቲኬን የሠራው ጆን ኦስተርሃውት ነው፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ሳለ፣ ራሱ ለፈጠረው ቲክል ለተባለ ቋንቋ። ፓይዘን የተዋሰው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬም ከእያንዳንዱ የቲኪንተር ፕሮግራም ጀርባ አንድ የቲክል ኢንተርፕሪተር (ኮዱን እያነበበ የሚያስፈጽም ፕሮግራም) አለ። ስትሪንግቫር (ለጽሑፍ) እና ኢንትቫር (ለሙሉ ቁጥር) የሚባሉት ቫሪያብሎች ዋጋቸውን የሚያስቀምጡት እሱ ጋ ነው። አንድን ስትሪንግቫር ለሁለት ዊጀቶች (እንደ ጽሑፍ ሳጥን ላሉ የመስኮት ክፍሎች) ከሰጡ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ወዲያው ይታያል። ሌላ ኮድ አያስፈልግም።

ጀማሪ ግን ሁለተኛ መስኮት ሲፈልግ ዋናውን መስኮት የሚከፍተውን፣ ራሱም ቲኬ የሚባለውን ትእዛዝ እንደገና ይጠራል። ያኔ ሁለተኛ ኢንተርፕሪተር ይፈጠራል። ስትሪንግቫሩ የቀረው ከመጀመሪያው ጋር ነው፤ የጽሑፍ ሳጥኑ ያለው ደግሞ ሁለተኛው ላይ። ተጠቃሚው «አልማዝ» ብሎ ይጽፋል፣ ዋጋውን የሚያነበው ጌት ሲጠራ ባዶ ይመለሳል። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ የለም። መፍትሔው ቲኬን አንዴ ብቻ ጠርቶ ሌሎቹን መስኮቶች ተጨማሪ መስኮት በሚሠራው በቶፕሌቭል መክፈት ነው።

ፕሮግራሙ አንድ መስኮት ኖሮት ገጾቹ ብቻ የሚቀያየሩ ከሆነ፣ ገጾቹ በፍሬም (ሌሎች ዊጀቶችን በሚይዝ ዊጀት) ተሠርተው ይደራረባሉ፤ የተፈለገው በቲኬሬይዝ ወደ ላይ ይወጣል። ዳታው የሚቀመጠው ግን ከገጾቹ ውጭ፣ ሁሉም በሚያውቁት አንድ ኦብጀክት ላይ ነው። ገጽ ከገጽ በቀጥታ ሲነጋገር፣ አንዱን ገጽ ማጥፋት ሌላውን ይዞ ይሄዳል።

ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም የኮዱ ክፍል የሚደረስበት) ስለመጠቀም ክርክር አለ። ለትንሽ ስክሪፕት ምንም አይልም የሚሉ አሉ፤ ምናልባትም እውነታቸውን ነው። ገጾቹ ሲበዙ ግን ዋጋውን ማን እንደቀየረው መፈለግ ራስ ምታት ነው።

በ2007 ከቲኬ 8.5 ጋር የመጣው ቲቲኬ የተባለ የዊጀቶች ስብስብ መልኩን አሳመረ እንጂ በዚህ ረገድ የለወጠው ነገር የለም። ቲኪንተር አርጅቷል የሚሉ ብዙ ናቸው። ከፓይዘን ጋር የሚመጣው አይድል የተባለ የኮድ መጻፊያ ግን የተሠራው በዚሁ በቲኪንተር ነው።

ዳታው ከሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን ከሚሠራ የፕሮግራሙ ክፍል) የሚመጣ ከሆነ፣ ትሬዱ ዊጀት ባይነካ ይመረጣል። ዳታውን ኪዩ (ወረፋ) ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዋናው መስኮት ደግሞ ሥራን ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሚያስጀምረው በአፍተር እየተመላለሰ ያነሣል።