ግማሽ ፊት፦ የአስፈሪ ተከታታይ ፊልሞች ኢንትሮ

ኢንትሮ የምንለው ተከታታይ ፊልም ሊጀምር ሲል የሚመጣውን የስም፣ የምስልና የሙዚቃ ቅንብር ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። በአስፈሪ ፊልሞች ግን ስም መዘርዘር ትንሹ ሥራው ነው። ዋናው ሥራው ታሪኩ ሳይጀመር ልባችንን ማሸበር ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ ከፊትህ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ጥላ ነው። ጋቢ መልበሱን ታያለህ፤ ፊቱን አታይም። «ደህና አመሸህ» እስኪልህ ድረስ ልብህ አያርፍም። ኢንትሮ ሠሪዎች የሚፈልጉት ያንን ቅጽበት ነው፤ ሰላምታውን ግን ያስቀሩታል።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ2011 እ.ኤ.አ. የጀመረው «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ኢንትሮ የሠራው የፊልም መክፈቻ ዲዛይነሩ ካይል ኩፐር ነው። ካሜራው ምድር ቤት ውስጥ ይዞራል። የድሮ የሕፃናት ፎቶዎች፣ አቧራ የጠጡ ብልቃጦች፣ መቀስ የያዘ እጅ እናያለን። የሰውየውን ሙሉ ገጽታ ግን አናገኝም። ሁሉም በጣም ከቅርብ ስለተቀረጸ የቱ ጋ እንዳለን ይጠፋብናል። ቆረጣው፣ ማለትም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መዝለሉ፣ ደግሞ ፈጣን ነው። ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ ለ3 ፍሬም ብቻ የታየ ምስል የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ነው የሚቆየው። ዓይን ያየዋል፣ ልብ ግን ምን እንደሆነ አይደርስበትም። የጎደለውን ራሳችን እንሞላዋለን፤ ስንሞላውም የምንፈራውን ነው የምናስቀምጠው።

ኩፐር ቀደም ሲል በ1995 እ.ኤ.አ. «ሰቨን» ለተባለው ፊልም መክፈቻ ፊደሎችን በእጁ ጭሮ ሠርቷል። ፊደሎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ የታመመ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። ከዚያ በኋላ የተጫረና የሚዘል ጽሑፍ በአስፈሪ ፊልሞች ዘንድ የተለመደ ሆነ። ጠመም ብሎ የተያዘ ካሜራ፣ ከታች ወደ ላይ የሚመታ መብራትም አሉ። እነዚህ የቆዩ ዘዴዎች ናቸው፤ ዛሬም ይሠራሉ።

የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» (2016 እ.ኤ.አ.) ኢንትሮ ግን ደምም ጭራቅም አያሳይም። በጥቁር ላይ ቀይ ፊደል ብቻ ነው። ፊደሎቹ መጀመሪያ እጅግ ገዝፈው፣ ተቆርጠው ይመጣሉ፤ ማንበብ አይቻልም። ቀስ ብለው ይንሳፈፉና ርዕሱን ይገጥማሉ። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ፊደል ብቻ ይዞ ማስፈራት ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል።

ነገሩ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። በቀደምት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል። ክፉው ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሠዓሊዎቻችን ግማሽ ፊት ምን እንደሚያደርግ ከቴሌቪዥን ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁ ነበር።

ቤታችን ማታ ፊልም ስናይ ታናሽ እህቴ ኢንትሮው ሲጀምር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። «አብሽሪ፣ ምንም የለም» እላታለሁ። ነጠላው ግን ስስ ነው። በክሮቹ መሀል ቀዩ ብርሃን ሲንቀሳቀስ ታየዋለች፤ ቅርጹን ግን አትለየውም። ከእኛ ከገለጥነው ይልቅ የምትጮኸው እሷ ናት።