አንጀኒ፦ ዝናቡ፣ ጎርፉና ደለሉ የሚለካባት የጎጃም ተፋሰስ

አንጀኒ በምዕራብ ጎጃም፣ በደምበጫ አካባቢ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ያለች ትንሽ ተፋሰስ ናት። ከደምበጫ ከተማ በፈረስ ቤት መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ ትገኛለች። ስፋቷ 113 ሄክታር ገደማ ነው፤ በገበሬው ቋንቋ 450 ጥማድ ቢሆን ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 እስከ 2,500 ሜትር ይደርሳል። ምንቸት የሚባል ጅረት መሃሏን ሰንጥቆ ይወርዳል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ተልባ ይዘራባታል። ዓይን ብቻ ላየ ከጎረቤት ሸለቆዎች የምትለይበት ነገር የለም። የምትለየው በመዝገቧ ነው።

መዝገቡ የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ጀምሮ ነበር። ሥራውን የመራው ሃንስ ሁርኒ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የጂኦግራፊ ተመራማሪ ነው። ማይባር በወሎ፣ አንዲት ጥድ በሰሜን ሸዋ፣ ሁንዴ ላፍቶ በሐረርጌ፣ ጉኑኖ በወላይታ፣ ዲዚ በኢሉባቦር፣ አፍደዩ በኤርትራ ተመሳሳይ ጣቢያ ተተክሎባቸዋል። የጎጃሟ አንጀኒ ነበረች። ጎጃሜ ስለሆንኩ እንዳይመስል እንጂ፣ ስለ አፈር መሸርሸር በተጻፉ ጥናቶች ውስጥ ስሟ ደጋግሞ ይነሳል።

ልኬቱ ከዝናብ ይጀምራል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንጀኒን ቢያዳርስ 11,300 ሜትር ኩብ ውሃ ወረደ ማለት ነው። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ከ1,100 ቦቴ በላይ ይሆናል። በዓመት የሚዘንበው በአማካይ 1,690 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሳይሰርግና ሳይተን ቢጠራቀም ሰው በቁመቱ ያሰጥማል። ግን ድምሩ ብቻ አይበቃም። ያው 10 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውልና በሩብ ሰዓት ዶፍ ሆኖ ቢወርድ ለአፈሩ ሌላና ሌላ ነው። ለዚህ ነው ከተራው መለኪያ ጎን በሚሽከረከር ወረቀት ላይ በብዕር የሚጽፍ መሣሪያ የተተከለው።

ከተፋሰሱ መውጫ ላይ ጅረቱ ስፋቱ በታወቀ የግንብ ቦይ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጓል። የውሃው ከፍታ ይመዘገባል፤ ከከፍታው ተነስቶ በሰከንድ ስንት ሊትር እንዳለፈ ይሰላል። የሚያደክመው ደለሉ ነው። ጅረቱ መደፍረስ ሲጀምር ታዛቢው አንድ አንድ ሊትር የሚይዙ ጠርሙሶቹን ይዞ ይወርዳል። በየ10 ደቂቃው አንድ ይቀዳል። ውሃው ጠራ ጠራ ሲል በየ30 ደቂቃው ያደርገዋል፤ ጨርሶ ካልጠራ ግን አይተወውም። ዝናብ ደግሞ የሥራ ሰዓት አያውቅም። ሌሊት ከመጣ ሌሊት ነው። ከዚያ ናሙናው በወረቀት ይጣራል፣ በምድጃ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ከወረቀቱ ላይ የምትቀረው ቀይ ዱቄት የሰው ማሳ ናት። በዓለም መጽሔቶች የምናያቸው ግራፎች የቆሙት በእነዚህ ታዛቢዎች ላይ ነው፤ ስማቸው ግን እምብዛም አይጠራም።

ከመዝገቡ የወጣው ዋናው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው ይለያል። ጅረቱ በጣም የሚሞላው ክረምቱ ሲገፋ ነው። ውሃው በደለል በጣም የሚወፍረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። ያኔ መሬቱ ለጤፍ ተደጋግሞ ታርሶ ለስልሷል፤ የሚሸፍነው ቡቃያ የለም። ነሐሴ ላይ ሰብሉ ሲለብሰው ጎርፉ ቢበረታም የሚወስደው አፈር ይቀንሳል። የሁርኒ ታዋቂ ግምት፣ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለው፣ ከዚህ የጥናት ቤተሰብ የመጣ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ አንጀኒ ፋንያ ጁ በሚባለው እርከን ተሸፈነች። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ መወርወር እንደማለት። እርከኑ አፈር መያዙ አያከራክርም፤ ዛሬ ተዳፋቱ ደረጃ ሠርቷል። ምርት ጨመረ ወይ የሚለው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያን ያህል አልታየም። ገበሬዎችም እርከኑ መሬት ይሻማል፣ ውሃ ያቁራል፣ በሬ አያዞርም ይላሉ። እውነት አላቸው። ውሃ እንዳያቁር በማረሻ የሚያወጡት ፈሰስ ደግሞ ራሱ አንዳንዴ የቦረቦር መነሻ ይሆናል።

ከደርግ ውድቀት በኋላ መዝገቡ ይሳሳል። ጣቢያው በኋላ ወደ አማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተዛወረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተቋቋመው የውሃና መሬት ሀብት ማዕከልም የድሮውን መረጃ በማሰባሰብና ልኬቱን በማስቀጠል ተሳትፏል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ደብረ ማዊ ደግሞ የቦረቦር ጥናት መንደር ሆኗል። እዚያ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ሲጠጋ የቦረቦሩ ግድግዳ እንደሚናድ ታይቷል።

የውሃ ጥራት ከደለል ውጭ ሲታይ ብዙ ወደኋላ የቀረ ነው። ዳፕና ዩሪያ ማሳ ላይ ሲበተን ናይትሬቱ በውሃ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱ በአብዛኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይጓዛል። ስለዚህ ደለል መመዘን የፎስፈረሱን ጉዞ በተወሰነ ደረጃ ያሳያል፤ የናይትሬቱን አያሳይም። ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የጀርም ምርመራ ከሁሉም ያስቸግራል። ለደለል የተቀዳ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ቢሰነብት አፈሩ የትም አይሄድም። ለጀርም የተቀዳው ግን በበረዶ ሳጥን ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መግባት አለበት። በሐምሌ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞ ካደረ ናሙናው ይደፋል፤ ለሚቀጥለው ዝናብ ጠርሙሱ ታጥቦ ይጠብቃል።