ርትዕ ምንድን ነው? ሕግ ማጣመም እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን አራት ኪሎ ጀበና ቡና እየጠጣሁ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ጮክ አድርጎ አንድ ተንታኝ ያዳምጣል። «የካቶሊክ ሕግ ራሱ በመጨረሻው ቁጥር የነፍስ ድኅነት ከሁሉ የበላይ ሕግ ነው ይላል» አለ ተንታኙ። «ይህን ርትዕ ይሉታል። ስለዚህ ፍቅር ካለህ ሌላው ዝርዝር ነው።» ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ቡናዬ በረደ።

ሥራዬ ሕገ ቀኖና ነው። ቀኖና ስል ንስሐ አባት የሚያዙትን ስግደት አይደለም፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንን የሕግ መጽሐፍ ነው።

ጥቅሱ አለ፤ ሰውየው አልዋሸም። ቁጥር 1752 ነው። ዓረፍተ ነገሩ ከየት እንደሚጀምር ግን ያነበበ አልመሰለኝም። የሚጀምረው ቆሞስን፣ ማለትም የአጥቢያ ኃላፊ ቄስን፣ ከአንድ ቁምስና (አጥቢያ) ወደ ሌላው ከማዛወር ነው! ቄስ ሲዛወር ርትዕ ይጠበቅ፣ የነፍሳት ድኅነትም ከዐይን አይራቅ ይላል። ማለትም ትእዛዙ የተሰጠው ሥልጣን ለያዘው ሰው ነው። ለእያንዳንዳችን በኪስ የሚያዝ የይለፍ ወረቀት አይደለም።

ሌላም አለ። ያ መጽሐፍ በ1983 (በፈረንጆቹ) የወጣው የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም የምዕራቡ ካቶሊኮች፣ ሕግ ነው። የአዲስ አበባ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ደግሞ የግዕዝ ሥርዓት ነው፤ ከምሥራቆቹ ወገን። የምንተዳደረው በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ነው፤ እሱም 1546 ላይ ያልቃል። እኛ ጋ 1752 የሚባል ቁጥር ጭራሽ የለም። ሐሳቡ የጋራችን ስለሆነ በዚህ ብዙ አልጨቃጨቅም።

ወደ ቃሉ ልምጣ። ርትዕ በግዕዝ ቀጥ ማለት፣ መቅናት ነው። «ርቱዕ አንደበት» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። አርስቶትል ኤፒኬያ ያለውን ነገር ሲያስረዳም ሕግን ማቃናት ነው ይላል። ሕግ አውጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውን አይቶ ይጽፋል። አንድ ቀን ግን ያላሰበው ነገር ይገጥማል። ያን ጊዜ ሕግ አውጪው እዚህ ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ መጠየቅ ነው ርትዕ። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ ሊቅ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በሰይፍ ያስረዳዋል። አደራ ይመለስ ይላል ሕጉ። ሰይፉን አደራ የሰጠህ ሰው አእምሮው ታውኮ መጥቶ «ሰይፌን» ቢልህስ? አትሰጠውም። ይሄ አደራ መብላት አይደለም።

ያው ቶማስ ግን ሌላ ቦታ አንድ ነገር ይጨምራል፦ አደጋው ድንገተኛ ካልሆነና የምትጠይቀው አለቃ ካለ መጀመሪያ ጠይቅ። ይቺን ሁሉም ይዘላታል።

ሰባ ደረጃ አካባቢ ሱሪ የማሰፋበት ልብስ ሰፊ አለ። ጎበዝ ነው። ስፌቱን ገልብጣችሁ ብታዩት በውስጥ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። «ነገ ትወፍራለህ» ይለኛል ያለ ይሉኝታ። ስወፍር እወስድለታለሁ፤ ፈትቶ ያሰፋዋል። የቤተ ክርስቲያን ሕግም እንዲህ ነው የተሰፋው። ልዩ ፈቃድ የምንለው፣ በእኛው ሕግ ቁጥር 1536 ላይ ያለው፣ ወደ ሰፊው መሄድ ነው፤ በቂ ምክንያት ካለ ለአንተ ጉዳይ ብቻ ሕጉ ይላላል። ሰርግ ቤት ተቀምጠህ ሱሪው ቢያንቅህና ሰፊው ባይኖር ቁልፉን ራስህ ትፈታለህ፤ ያ የቶማስ ድንገተኛ አደጋ ነው። ጨርቁ ራሱ ግን የሰፊው አይደለም። እሱ አልሸመነውም። የእግዚአብሔር ሕግ ነው፤ ጳጳስም ቢሆን ከጨርቁ በላይ ሊያሰፋ አይችልም። ሱሪውን ቀዶ «ፋሽን ነው» የሚለውን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። ምሳሌውም እዚህ ጋ ጠበበኝ።

«ታዲያ ፈሪሳዊ መሆንህ ነዋ» ይለኛል ተንታኙ፤ እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ሰንበት ስለ ሰው ተፈጥሮአል» ብሎም ይጠቅስልኛል። አሜን። ከፍቅር የሚበልጥ ሕግ የለም፤ በዚህ አልከራከርም። ግትር ቄስ ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። ግን ፍቅር ለማን? ፊትህ ቁጭ ብሎ ለሚያለቅሰው ብቻ ነው? አንድ ካህን ለአንድ ሰውዬ አዘኑለት። ያለፈ ጋብቻውን ሳያጣሩ አጋቡት። በኋላ የመጀመሪያዋ ሚስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ቢሮዬ ውስጥ ሁለት ሴቶች በየተራ አለቀሱ። የካህኑ ርኅራኄ ደጁ ድረስ የመጣውን ሰው ብቻ ነበር ያየው። ያልመጣችውን የምታያት ያቺ አሰልቺ የማጣራት ሥራ ነበረች።

ማጣራቱ ራሱ ሰውን ሲያሰቃይስ? ያን ጊዜ ሕጉ ይቀየራል። ጋብቻ ከመነሻው አልጸናም ለማለት ድሮ ሁለት የተስማሙ ፍርዶች ያስፈልጉ ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 አንድ ይበቃል አሉ። (ፍቺ አይደለም። ይሄ ራሱን የቻለ ሌላ ንዴቴ ነው።) ለላቲኑ አንድ፣ ለምሥራቁ አንድ፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። ስለ ምሕረት ደጋግመው ይናገሩ የነበሩት እኚህ ሰው ምሕረቱን ያስገቡት ሕግ ጽፈው ነው።

ባለፈው አንዲት ሴት ቢሮ መጣች። እናቷ ከሆሳዕና ለሕክምና መጥተው እሷ ቤት አርፈዋል። እዚያ ያለው የላቲን ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ እሳቸውን የሚመለከታቸው የላቲኑ ሕግ ነው። ስኳር አለባቸው። ቅዳሴ ላይ ዐይናቸው ሲዞር ከነጠላቸው ጫፍ ግማሽ ብስኩት ፈትተው ቀመሱ፣ ከዚያ ሳይቆርቡ ቀሩ። አሁን እሁድ ሲመጣ ያለቅሳሉ። «ፈቃድ ይጻፍልን» አለች።

ፈቃድ አያስፈልግም። የላቲኑ ሕግ ቁጥር 919 ከቁርባን በፊት አንድ ሰዓት መጾም አለ ካለ በኋላ አረጋውያንና ሕሙማን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ቢቀምሱም መቁረብ ይችላሉ ይላል። አነበብኩላት። ጨርሳ ልትነሳ ስትል ቆይ አልኳትና ቀጣዩን ቃል አነበብኩ፦ «የሚያስታምሟቸውም»።

«እኔም?» አለች።

ሌሊት ሦስቴ እየተነሳች፣ ምሳዋን ቆማ እየበላች፣ ራሷ መቁረብ ካቆመች አራት ወሯ ነበር። ስለ ራሷ ግን አልጠየቀችም።