«ልጅ ምን ጭንቀት አለው?» እና ሌሎች ስለ ልጆች ጭንቀት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ስለ ልጅ ጭንቀት ሲነሳ ሁላችንም ባለሙያ ነን። አያት የራሷ መላ አላት፣ ጎረቤት የራሷ፣ ቲክቶክም የራሱ። አብዛኛው ምክር ከፍቅር የመጣ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፦ ልጁ አሁኑኑ ዝም እንዲል። እንዳያለቅስ፣ እንዳይፈራ፣ እንዳይጠይቅ። ጭንቀትን ለዛሬ ዝም የሚያሰኝ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ለነገ ያሳድገዋል። በየቤቱ የምንሰማቸውን አባባሎች እያነሳን እንያቸው።

«ልጅ ምን ጭንቀት አለው? በልቶ መተኛት ነው»

የቤት ኪራይ አይከፍልም፣ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከ7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። በዚህ ዕድሜ በብዛት ከሚታዩት ችግሮች ደግሞ ግንባር ቀደሙ ጭንቀት ነው።

ይህ ማለት የፈራ ልጅ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ሕፃን ከ8 ወሩ ገደማ ጀምሮ እናቱ ከዓይኑ ስትጠፋ ያለቅሳል። የ4 ዓመት ልጅ ጨለማ ይፈራል። የ14 ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ምን ይሉኛል ብሎ ይጨነቃል። ይህ ሁሉ የማደግ ምልክት ነው። መጠየቅ ያለበት «ይፈራል ወይ?» ሳይሆን «ፍርሃቱ ምን ነጠቀው?» የሚለው ነው። እንቅልፉን፣ ትምህርቱን ወይም ጓደኞቹን ለሳምንታት ከነጠቀው፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

(በነገራችን ላይ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ልጁን ገና ሰላም ሳንለው «ስንተኛ ወጣህ?» የምንል ሰዎች «ልጅ ምን ጭንቀት አለው?» ለማለት አፋችን ባይደፍር ጥሩ ነበር።)

«ውሸቱን ነው» ወይም «አሜባ ነው»

ቅዳሜና እሁድ ሲሮጥ ዋለ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ዳቦውን በግማሽ ትቶ፣ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። አባት «ላለመሄድ ነው» ይላል። እናት ሰገራ ታስመረምራለች። ምርመራው ምንም አያሳይም። «ለማንኛውም» ተብሎ ግን የአሜባ መድኃኒት ይሰጠዋል። የሚቀጥለው ሰኞ ያው ነው።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ልጁ አልዋሸም፣ ሆዱን በእርግጥ አሞታል። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ያዘነብላል። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ ቁርጠቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት መሄዱ ሁሉ እውነተኛ ነው። ትልቅ ሰው «ተጨንቄያለሁ» ይላል። የ7 ዓመት ልጅ ያ ቃል ገና ስለሌለው «ሆዴን» ይላል።

ሐኪም ጋ መውሰዱ አይቅር። በእኛ አገር ጃርዲያውም አሜባውም አለ። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ሳይዘገይ መታየት አለበት። ምርመራው ንጹሕ ከሆነና ሕመሙ ቀን እየመረጠ የሚመጣ ከሆነ ግን ኪኒን መደጋገሙን ተዉትና ስለ ሰኞ ጠይቁት። «ትምህርት ቤት እንዴት ነው?» ብትሉት «ጥሩ» ይላችኋል፣ በዚያው ያበቃል። «በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትቀመጣለህ?» ብላችሁ ሞክሩ።

«ከሚፈራው ነገር ካራቅነው ይለቀዋል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ፍቅር ስለሚመስል ደግሞ ለመተው ይከብዳል።

ልጁ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ማንበብ ይፈራል እንበል። እናት ለመምህሯ ትደውላለች፦ «እባክሽ እሱን አትጠይቂው፣ ይጨነቅብኛል»። መምህሯ ትተወዋለች። ልጁ ያን ቀን እፎይ ይላል። አንጎሉ ግን አንድ ነገር መዘገበ፦ የዳንኩት ስላመለጥኩ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ሰፋ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ማንበብ ነበር፣ ቀጥሎ እጅ ማውጣት ይሆናል፣ ከዚያ ሰልፍ ላይ መቆም፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ ራሱ። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ሱቅ መላክ ስለሚፈራ እህቱ ትላካለች። ብቻውን መተኛት ስለሚፈራ አባት ሶፋ ላይ ያድራል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል፣ እኛም «ዓይን አፋር ነው» ብለን እንሸፍንለታለን። ሳናውቀው የቤቱ ሕግ የሚወጣው በልጁ ፍርሃት ልክ ይሆናል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በየል (Yale) ዩኒቨርሲቲ ኤሊ ሌቦዊትዝ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር 124 የጭንቀት ችግር ያለባቸውን ልጆች ለሁለት ከፍሎ አወዳደረ። በአንዱ ቡድን ልጆቹ ራሳቸው የንግግር ሕክምና አገኙ። በሌላው ግን ልጆቹ ሕክምና አልገቡም፣ የሠለጠኑት ወላጆች ብቻ ናቸው። በፈረንጆቹ 2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑት ልጆች ከሌሎቹ ባልተናነሰ ተሽሏቸዋል። ወላጆቹ በዋናነት ሁለት ነገር ነው የተማሩት። አንዱ፣ ለፍርሃቱ ሲባል ለልጁ የሚደረግለትን ነገር ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው። ሁለተኛው የአነጋገር ለውጥ ነው፦ «ከባድ እንደሆነብህ ይገባኛል፤ እንደምትወጣውም አምናለሁ»።

ሁለቱም ግማሾች ያስፈልጋሉ። «ይገባኛል» ብቻ ሲሆን ልጁን ለፍርሃቱ ትቶ ማዘን ነው። «ትችላለህ፣ ምንም አይደል» ብቻ ሲሆን ደግሞ ልጁ የሚሰማው «አልገባቸውም» የሚለውን ነው። እኛ በሁለተኛው ላይ ጎበዞች ነን። «አይዞህ» ጥሩ ቃል ነው። ግን ብዙ ጊዜ ወሬውን ለመዝጋት እንጠቀምበታለን።

ታዲያ ማንበብ የሚፈራው ልጅ ምን ይሁን? በደረጃ ይሂድ። መጀመሪያ ማታ ቤት ውስጥ ለእናቱ አንድ አንቀጽ ያንብብ። ቀጥሎ በስልክ ቀድቶ ራሱን ይስማ። ቀጥሎ በዕረፍት ሰዓት ለመምህሯ ብቻ። ከዚያ ከጓደኛው ጋር እየተቀባበለ። ከዚያ ከመቀመጫው ሳይነሳ ሁለት መስመር። መቆሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እያንዳንዱ ደረጃ እስኪሰለቸው ይደጋገም፣ መሰላቸቱ ጥሩ ምልክት ነው። ልቡ ሲመታ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቀስ ብሎ ረጅም ትንፋሽ እንዲያወጣ አሳዩት። ትንፋሹ ፍርሃቱን አያጠፋውም፣ ግን ልጁ ከፍርሃቱ ጋር እዚያው መቆየት እንዲችል ያግዘዋል።

የዚህ ተቃራኒውም አይሠራም። «እንዲደፍር» ብሎ ጨለማ ክፍል ቆልፎበት መሄድ ልጁን የሚያስተምረው ጨለማው አደገኛ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን እናንተም እንደማትታመኑ ነው።

«ካላስፈራሩት አይሰማም»

ጅብ ይበላሃል። ፖሊስ ይወስድሃል። ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል። ለዚያች ቅጽበት ይሠራል፣ አልክድም። ከዚያ ግን ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው የሚቀሰቅስ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ የሚጮህ ልጅ ሲሆን «ከየት አመጣው?» እንላለን። ከየት ያመጣል፣ ከእኛ ነዋ!

«አሁን አይነገረው፣ ልጅ ነው፣ ይረሳዋል»

እናት አረብ አገር ልትሄድ ነው። በረራው ሌሊት ነው። ልጁ እንዳያለቅስ ሲተኛ ሹልክ ብላ ትወጣለች። ጠዋት ሲነሳ የለችም። «ሱቅ ሄዳ ነው»፣ ከዚያ «ነገ ትመጣለች»፣ ከዚያ «ለበዓል ትመጣለች»። ከዚያ በኋላ ልጁ አያቱን ሽንት ቤት ድረስ ይከተላል። ሌሊት እየነቃ መኖሯን ይዳብሳል። አይገርምም፤ የሚወደው ሰው ሲተኛ እንደሚጠፋ አይቷል።

ጥቂት ወራት አልፈው በኢሞ ስትደውል ደግሞ ልጁ ስልኩን አይቶ ይሸሻል። አያት «እናትህን ረሳሃት እንዴ?» ትላለች። ወዲያ ማዶ፣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ላይ፣ እናት ታለቅሳለች። አልረሳትም። ስላልረሳት ነው የሚሸሸው፤ ስልኩ ሲዘጋ እንደገና ሊያጣት እንደሆነ ያውቃል። ልጁን መቆጣትም ማስገደድም አይጠቅምም። የሚረዳው የታወቀ ቀንና ሰዓት ነው፣ ጥሪው አጭር ቢሆንም። «ዛሬ ምን በላህ?» ከማለት የሠራውን ሥዕል ለካሜራው እንዲያሳይ መጠየቅ ይሻላል። የመመለሻዋ ቀን ካልታወቀ ቀን አይቆረጥለት። «መቼ እንደምትመጣ ገና አላወቅንም፤ ስናውቅ እንነግርሃለን። እስከዚያ ማታ ማታ እኔ አለሁ» ይበቃል። ገና ያልሄደች እናት ደግሞ ቁጭ ብላ ትንገረው፣ ያልቅስ፣ አብረው ያልቅሱ። በየጠዋቱ ለሥራ በጓሮ በር ሹልክ ለምንለውም ያው ነው።

ሞት ላይም እንዲሁ እናደርጋለን። ለትልቅ ሰው መርዶ ሲነገር ባህላችን አንድ ትልቅ ጥበብ አለው፦ ሰው ክፉ ወሬ ብቻውን አይሰማም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊው አጠገቡ ሆኖ ነው የሚነገረው። ልጁን ግን ጎረቤት ቤት እንልከዋለን። ድንኳኑን ያያል፣ ለቅሶውን ይሰማል፣ የሚነግረው የለም። ባዶውን ራሱ ይሞላዋል። ትንንሽ ልጆች «እኔ ስላስቸገርኩ ነው» ብለው ማሰባቸው የተለመደ ነው። «ተኝቷል» ከተባለ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ አገር ሄዷል» ከተባለ ለምን እኔን ትቶ ሄደ ይላል። የሚቀርበው ሰው አቅፎት በግልጽ ይንገረው፦ «አያትህ ሞተዋል። ሰው ሲሞት ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፣ አይመለስም። ያንተ ጥፋት አይደለም።» ከዚያ ይጠይቅ። አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቢጠይቅ አሥር ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጠው።

«ያየውን ሁሉ ካልተናገረ አይወጣለትም»

ጦርነት፣ መፈናቀል ወይም ከባድ አደጋ ያየ ልጅን ቁጭ አድርጎ «ንገረኝ፣ ምን አየህ?» ብሎ ማስወራት ደግነት ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከአደጋ ማግስት ሰውን እየጠየቁ የደረሰበትን እንዲተርክ ማድረግን አይመክርም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደኅንነት፣ ምግብ፣ የሚያውቀው ሰውና ጨዋታ ነው። ልጆች ያዩትን ደጋግመው በጨዋታ ያሳያሉ፣ አትከልክሏቸው። ሊናገር ሲፈልግ ስሙት፣ ዝም ሲልም አብራችሁት ዝም በሉ። ማታ አልጋው ላይ መሽናት ከጀመረ ቅጣትም ማሳፈርም አያስፈልግም።

«ማትሪክ ደርሶ እንቅልፍ ምን ይሠራል?»

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጭንቀት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አይጠይቅም። የ2014 ተፈታኞች ከቤተሰብ ርቀው ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሁሉ ይህን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል።

መፍትሔ ተብሎ የሚያዘው ግን ሌሊቱን በቡና መግፋት ነው፣ አንዳንዱም በጫት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን የሚመስል አነቃቂ ነው። ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲለቅ ያደብራል። ብዙ ቡናም እጅ ያንቀጠቅጣል። ልጁ ይህን ስሜት ከፈተናው ፍርሃት መለየት አይችልም። «ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ» የሚለው ያኔ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ያጠናው የሚደላደለውም በእንቅልፍ ውስጥ ነው። ወላጅ ደግሞ አንድ ነገር ቁርጥ አድርጎ ይንገረው፦ ባይሳካ ምን እንደሚደረግ። ሁለተኛውን መንገድ የሚያውቅ ልጅ ይሰንፋል ብላችሁ አትስጉ።

«ሐኪም ጋ የሚሄደው ያበደ ነው»

አማኑኤል የሚለው ስም ብቻውን የሚያስደነግጠው ሰው ብዙ ነው። ግን የሥነ አእምሮ ሕክምና በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም አለ። ጸበል መውሰድና ሐኪም ማየት አይጣሉም፤ አንዱን ለማድረግ ሌላውን ማቋረጥ ግን ጉዳት አለው። ለልጅ ጭንቀት መጀመሪያ የሚሞከረው ብዙውን ጊዜ የንግግር ሕክምና ነው፣ ከላይ ያየነውን የደረጃ አካሄድ በባለሙያ እገዛ ማለት ነው። መድኃኒት ካስፈለገም ሐኪም አይቶ የሚያዘው ነው። ከፋርማሲ እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ መድኃኒት ገዝቶ ለልጅ መስጠት ግን ከቶ አይሞከርም። ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም ራሱን ከጎዳ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ውሰዱት።

ከመሄዳችሁ በፊት ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ ያዙ፦ ሕመሙ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን በፊት መጣ፣ እናንተስ ያኔ ምን አደረጋችሁ። ለልጁም የት እንደምትሄዱ ቀድማችሁ ንገሩት።