የብረት ጉንጉን የፍሬን ቱቦ ምንድን ነው?

ስለ ብረት ጉንጉን የፍሬን ቱቦ «ብረት ስለሆነ መኪናው እስኪያረጅ ያገለግላል፤ በቀላሉ አይፈነዳም፣ የእሽቅድምድም መኪናዎችም ይጠቀሙበታል» የሚለውን አስተያየት ሰሞኑንም አነበብኩት። በጋራዥ ውስጥ ከመኪና ባለቤቶች አዘውትሬ የምሰማው ነገር ነው፤ የሚያሳስበኝም ይህን ያመነ ሰው ጎንበስ ብሎ ቱቦውን ዳግመኛ ስለማያየው ነው።

ስሙ ያሳስታል። የፍሬን ዘይቱን የሚይዘው ብረቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቴፍሎን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ቱቦ ነው፤ በላዩ የተጎነጎነው ቀጭን የማይዝግ ሽቦ ዋና ሥራው ፔዳሉ ሲረገጥ ቴፍሎኑ እንዳይነፋ አጥብቆ መያዝ ነው። ጉንጉኑን እንደ መቀነት ልንቆጥረው እንችላለን። መቀነት ወገብን ይደግፋል፤ በአቧራ መንገድ ሲኬድ በመቀነቱና በገላ መካከል የገባች አሸዋ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ቆዳን ትፈገፍጋለች። የሰው መቀነት ማታ ሲፈታ ቁስሉ ይታያል፤ የቱቦው መቀነት ግን ከተጠመጠመ በኋላ አይፈታም። ከአንድ መኪና የፊት እግር የፈታሁት ቱቦ ከውጭ አዲስ ይመስል ነበር፤ ሰንጥቄ ስከፍተው ግን ከአንገቱ፣ ማለትም ቱቦው ከብረት ማያያዣው ጋር ከተጨመቀበት ቦታ፣ አጠገብ ቴፍሎኑ ተጭሮ ግራጫ ሆኗል፣ ሁለት ሽቦዎችም ተበጥሰው እንደ ፀጉር ቆመዋል።

ጉዳቱ አንገቱ ላይ የደረሰው በአጋጣሚ አይደለም፤ መሪው በዞረና ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የሚታጠፈው እዚያ ነው። አስተያየት ሰጪው የመፈንዳት ጥንካሬውን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ነገር ግን የአሜሪካው የፍሬን ቱቦ ደኅንነት ደረጃ ቁጥር 106 የውስጥ ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር ያልበለጠ ቱቦ፣ ከጎማ የተሠራም ቢሆን፣ 480 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ እንዲችል ያስገድዳል፤ በኃይል ፍሬን ሲያዝ የሚፈጠረው ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ባር ብዙም አይርቅም። ስለ ዕድሜው ይበልጥ የሚነግረን በዚያው ደረጃ ውስጥ ያለው ቱቦውን ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚያወዛውዘው ፈተና ነው። የእሽቅድምድም መኪናዎችን መጥቀስም አያስኬድም፤ እነርሱ በየውድድሩ ይፈተሻሉ።

ከጎማ የተሠራው ተራ ቱቦ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም፤ ውስጡ አብጦ ዘይቱን የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከውጭ ተሰነጣጥቆ ወይም አብጦ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የብረት ጉንጉኑ ጥቅም ፔዳሉን ማጠንከሩና እርጥበትን እምብዛም አለማስገባቱ ነው፤ ለፔዳሉ መጠንከር ግን በገጠማው ወቅት አየሩ ወጥቶ ዘይቱ መታደሱም ድርሻ አለው።

የሚገዛ ሰው በላዩ የፕላስቲክ ሽፋን፣ በአንገቱም የመታጠፊያ መከላከያ ያለውን ይምረጥ፤ ሲገጠም የመዳብ ዋሸሮቹ በአዲስ ይተኩ። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነስቶ መሪው በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ይዙር፣ ቱቦው ምንም ነገር አለመንካቱም ይታይ፤ ሽፋን የሌለው ጉንጉን የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላልና። በየሰርቪሱም አንገቱ በጣት ይዳሰስ፤ የተበጠሰ ሽቦ ጣት ከወጋ ቱቦው በዚያው ቀን መቀየር አለበት።