የጦር መርከብ «ክላስ» ምንድን ነው?

ጥያቄው የተነሳው ኮምቦልቻ ላይ፣ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ቁጭ ባልንበት ነው። አንድ ወጣት ከስልኩ ላይ ስለ አዲስ «ክላስ» የጦር መርከብ ዕቅድ ዜና አነበበልን። «ግን አንድ መርከብ ነው ወይስ ብዙ?» አለ። አጠገባችን አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ድሮ የአሰብ መንገድ ሹፌር ናቸው። «አብሽር ልጄ፣ ኤንትሬ ስንል አንድ መኪና ነው እንዴ?» አሉት። ኤንትሬ ድሮ በአሰብ መንገድ የሚታወቀው የፊያት የጭነት መኪና ነው።

በቃ፣ መልሱ ይኸው ነው። ክላስ ማለት በአንድ ንድፍ የተሠሩ መርከቦች ሁሉ የጋራ መጠሪያ ነው። ባቲን ወርዶ በረሃው ላይ አንድ ኤንትሬ ቢቆም፣ ሌላ ኤንትሬ የፈታ መካኒክ አይቸገርም። የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። ባሕር ኃይሎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ መለዋወጫው አንድ፣ ሥልጠናው አንድ። መርከበኛው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዛወር እንግዳ አይሆንም።

አሜሪካኖች ክላሱን በመጀመሪያዋ መርከብ ስም ይጠሩታል። «አርሌይ በርክ» የተባለችው ዲስትሮየር (ፈጣንና ትልቅ የጦር መርከብ) በ1991 ሥራ ጀመረች፤ እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ዛሬ ክላሱ ከ70 በላይ መርከቦች አሉት። እርስ በርስ «እህት መርከቦች» ይባላሉ፤ ይህን አጠራር በጣም እወደዋለሁ።

ከመኪና የሚለይበት ነገርም አለ። የመኪና ፋብሪካ መጀመሪያ ናሙና ሠርቶ፣ አጋጭቶና ሰባብሮ ይሞክራል። የጦር መርከብ ግን ለዚያ በጣም ውድ ናት። ናሙናዋም የመጀመሪያዋ መርከብ ራሷ ናት። የንድፉ ስህተት የሚወጣው እሷ ላይ ነው፤ የምትዘገየውም እሷ ናት።

«ታቅዷል» የሚለውን ቃል ደግሞ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። እንግሊዝ ታይፕ 26 የሚባለውን ፍሪጌት (ከዲስትሮየር አነስ የሚል የጦር መርከብ) 13 አድርጋ ነበር ያሰበችው። በ2015 ቁጥሩ 8 ሆነ። የመጀመሪያዋ የ«ግላስጎው» ብረት የተቆረጠው ገና በ2017 ነው። የአሜሪካው «ዙምዋልት» የዲስትሮየር ክላስ የባሰ ነው። 32 ታቅዶ የተሠሩት 3 ብቻ ናቸው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ለግሸን ማርያም ንግሥ ኮንትራት መኪና ስትይዙ አስቡት። አሥራ ሁለት ሆናችሁ ተስማምታችሁ ዘጠኙ ቢቀሩ፣ ሒሳቡ በሦስት ሰው ላይ ይወድቃል። የመርከብ ንድፍና ምርምርም እንደዚያ ነው። ወጪው አንዴ ይወጣል፤ ከዚያ ለመርከቦቹ ይካፈላል። ቁጥሩ ሲቀንስ የእያንዳንዷ ዋጋ ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ ደግሞ በጀቱን የሚያጸድቀው ምክር ቤት እንደገና ቁጥሩን ይቀንሳል። የዙምዋልት መድፍ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ለመድፉ ብቻ ተብሎ የተሠራው ልዩ ጥይት፣ መርከቦቹ ጥቂት ሲሆኑ የአንዱ ዋጋ ወደ 800,000 ዶላር ተጠጋ። በ2016 ግዢው ቀረ። መድፎቹ ያለ ጥይት ቆሙ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው «የኛይቱስ?» አሉ። ጥያቄው ልቤን ነካው። ምጽዋ ላይ የነበረችው ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» እሷም ክላስ ነበራት። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠራቻት ናት። የመጀመሪያ ስሟ «ኦርካ» ነው፣ ክላሷ «ባርኔጋት»። ሥራዋ በባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር። በ1962 ወደ እኛ መጣች። እህቶቿም ተበትነዋል፤ አንዷ የጣሊያንን ባንዲራ ያዘች፣ አንዷ የኖርዌይን። የእኛዋ በ1991 ወደ የመን ተሻገረች፤ ከዚያም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።